የማር እንጀራ

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ዝናብ። እስከ ምሳ ፋርማሲ፣ ከዚያ ቤት። ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ፣ ተማሪዎቹ ስለተበተኑ መድኃኒት የሚገዛ የለም፤ ግማሹን ጠዋት መስኮት እያየሁ አሳለፍኩ።

ቢያዝን ትናንት ማታ ከቆጋ መስኖ ሥራው ገባ፣ የመራዊን ጭቃ በሙሉ በጫማው ተሸክሞ። "ይሄን አፈር እዚያው ለገበሬዎቹ ብትተውላቸው ምናለ?" አልኩት። ሳቀ። ባሌ ሲስቅ ደስ ይለኛል። በጥር ስንጋባ እንዲህ የሚስቅ ሰው አልመሰለኝም ነበር።

አደይ፣ የቢያዝን ልጅ፣ ክፍሏ ውስጥ። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ እንደ ድመት ሆናለች፤ መኖሯ የሚታወቀው ከድስቱ ሲጎድል ነው። "ጨው አነሰው?" ስላት "ደኅና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። "ይቀመጡ፣ እኔ አነሣዋለሁ" ትላለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ! እርስዎ የምትለው የንስሐ አባታቸውን፣ ርእሰ መምህሩንና እኔን ነው። ጎረቤቴ የብርጓል "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ገጠመችሽ!" ትለኛለች። ጨዋነቷን ማን ካደ... አባቷን ግን አንተ ነው የምትለው። ለእኔ እርስዎ ማለት "እዚያው ይሁኑ፣ አይጠጉኝ" ማለት ይመስለኛል።

ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ዕቃ ሳወርድ በፌስታል የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘሁ። የዋፍል ማሽን! አሮጌ ነው፣ እጀታው ተልጧል፣ ግን ንጹሕ። ገመዱ ተጠምዝዞ በላስቲክ ታስሯል። ዋፍል፣ ያን ባለ ጉድጓድ ጣፋጭ ቂጣ፣ መጨረሻ የበላሁት ደሴ እያለሁ ነው። ነገ እሑድ... ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋግሬ ብጠብቃቸውስ?

ሐምሌ 10፣ እሑድ

ምን ነካኝ።

አሠራሩን ከስልክ ላይ አገኘሁ። የፉርኖ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቤኪንግ ፓውደር። ሲገቡ ቤቱ እንዲያውድ ፈልጌ ነበር። አወደ። አደይ ነጠላዋን እንደለበሰች በር ላይ ቀጥ አለች። ሳህኑን አላየችም። ማሽኑን ነው ያየች።

"ማን ንኪ አለሽ?"

ድምጿን ያን ጊዜ ገና የሰማሁት መሰለኝ። የእውነት ድምጿን ማለቴ ነው።

"አደይ፣ እኔ እኮ..."

"የእማዬ ነው! አንቺ ማን ነሽ?!"

ቢያዝን ከኋላዋ ደረሰ። "አደይ! ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል? እርስዎ በይ! ይቅርታ ጠይቂ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ዋፍሉን ማንም አልነካው። አንዱን እኔ ቆሜ ቀመስኩት። ላስቲክ።

ከሰዓት ቢያዝን ነገረኝ። መሲ፣ የአደይ እናት፣ የኬክ ባለሙያ እንደነበረች አውቅ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ። የማሽኑን ታሪክ ግን አላውቅም ነበር። ሆቴሉ ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን ለእሷ ሰጧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እናትና ልጅ ይጋግሩበት ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰክቶት አያውቅም። እኔ እስክመጣ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ይችን ብረት እንዳትነኪ ብዬ?"

"አዎ! ልክ እንደዚያ ብለህ!"

የሟችን ዕቃ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያውቅበታል፤ ማውራት ላይ ነው ችግሩ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ለራሴ ልጻፍ። "አንቺ" ስትለኝ ደነገጥኩ፣ ተናደድኩም። ግን ደግሞ... ትንሽ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ስድብም ቢሆን ለእኔ ነው የተባለው። እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ የቆመ ሌላ ሰው የምታናግር ይመስለኛል። ቢያዝን "እርስዎ በይ" ሲላት "ተዋት፣ እንደዚያው ትበለኝ" ልለው ነበር። አላልኩትም።

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ

ቢያዝን ከቆጋ ደወለ። እማማ ወለተ ኪዳን ደውለውለት ነበር። የመሲ እናት ናቸው፤ የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት፣ አሁን ባል የሌላቸው፤ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለፍልሰታ አደይን ልውሰዳት ብለዋል። በየዓመቱ ከእሳቸው ጋር ነው ጾማ የምትቆርበው።

"ከዚያም ወዲያ..." አለና ተንተባተበ።

"ከዚያም ወዲያ ምን?"

"እዚሁ ብትማርስ አሉኝ። 'እኔም ብቻዬን ነሁ፣ እሷም ብቻዋን ናት' አሉ።"

እሷም ብቻዋን ናት። እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ እያለሁ ማለት ነው።

"አንተስ ምን አልካቸው?"

"እንጃ ሰጊ። እሷ ካለች... እናስብበት።"

እስከ ፍልሰታ እንግዲህ። አልወለድኳት፣ አላሳደግኳት፣ አትወደኝ። ብትሄድ ምን ይቀርብኛል? ከሳህን አንድ ይቀንሳል፣ እሱ ነው። ታዲያ ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሏ በር ለምን ሄድኩ?

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ

ዕቃ እያጠብኩ ነበር። መጥታ ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ለግድግዳው ነገረችው፦

"የእማዬ በእርሾ ነበር።"

"ምኑ?"

"ያ። ማታ ነው የሚቦካ። ጠዋት ሲያዩት አረፋ ይሆናል።" ቀጥላም፣ "ዋፍልም አንለውም ነበር። የማር እንጀራ ነው የምንለው።"

"እርሾውን ከየት ነበር የምታመጣው?"

"ከፍሪጅ" አለችና ሄደች።

የማር እንጀራ... ቀፎ ውስጥ ያለውን፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ማለታቸው ነው። እንዴት ያምራል። ዋፍል ከሚሉት ይልቅ እሱ አይሻልም? ከዚህች ልጅ አፍ በአንድ ጊዜ ይሄን ያህል ቃል ወጥቶ አያውቅም። እርሾ ደግሞ ሞልቶኛል! በጠርሙስ፣ እዚያው የተደገፈችው ፍሪጅ ውስጥ።

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ

ይሄን ለማንም አልናገርም።

የጤፍ እርሾ ጨመርኩበት። እኔ፣ ለሕፃን ሽሮፕ በጠብታ የምለካዋ ሴትዮ። ከእንጀራ ሊጥ ላይ የቀዳሁትን ቢጫ ውኃ፣ ሙሉውን ጠርሙስ፣ ትናንት ማታ ወተትና ዱቄት ላይ ገለበጥኩት። ዓርብ ስለሆነ መቅመስ የለም፤ ብቀምስ ኖሮ ያን ጊዜ እነቃ ነበር። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ወተቱ ተቆራርጧል፣ ሽታው ወደ ኋላ ይገፋል። እኔ ደግሞ "እርሾ እንዲህ ነው" ብዬ ጋገርኩት!

ከመሰካቴ በፊት ግን አስፈቀድኩ። ክፍሏ በር ላይ ቆሜ "ልሰካው?" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። እሱ ፈቃድ ነው? ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት።

ቁራሽ ወደ አፏ አደረገች። ማኘኳን አቆመች።

"ምን አገቡበት?"

"እርሾ።"

"የቱን እርሾ?"

ጠርሙሱን አሳየኋት። ፊቷ አንድ ነገር ሆነ፤ ሕመም መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው ለካ። ታገለችው፣ ዋጠችው። "ይሄማ የእንጀራ ነው። የእማዬ የዳቦ እርሾ ነው፣ ደረቁ፣ በቆርቆሮ ያለው። ሲከፈት ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።"

ሳህኑን አነሣችልኝ፣ ጨዋ አይደለች። ወደ ክፍሏ ስትሄድ ግን ለራሷ፣ በቀስታ፦ "የእንጀራ እናት ዋፍል..."

ሰማሁ። መስማቴንም ያወቀች ይመስለኛል። በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለች።

ሐምሌ 17፣ እሑድ

እንጀራ እናት። ቀኑን ሙሉ ቃሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለምን እንጀራ? ያልወለደች፣ ግን የምታበላ ማለት ነው? ከሆነ ምኑ ነው ስድቡ? ልጅ ሆኜ ተረት ሲነገረን እንጀራ እናት ስትመጣ ሁላችንም ብርድ ልብስ እንሸፋፈን ነበር። ሳልወልድ እኔው ተረቷ ሆኜ አረፍኩ።

ለየብርጓል በአጥር ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ቀለደችብሽ እኮ! ሰው የሚቀልደው ከለመደው ጋር ነው፤ ደስ አይልሽም?" አለችኝ። የብርጓል መርዶም ብትሰማ መልካም ጎን ታወጣለታለች። ግን... ቀልዱ ጥሩ ነበር። ጥርሴን ስቦርሽ ብቻዬን ሳቅኩ። ቢያዝን "ምን ሆንሽ?" አለኝ፤ አልነገርኩትም። የእኔና የአደይ ነው።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ ፋሲሎ ሰፈር ካለች ሱቅ ደረቅ እርሾ ገዛሁ። ከሁሉ በፊት ያየሁት የአገልግሎት ዘመኑን ነው። ልማድ።

ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ስኳር። እንደ ሕፃን ወተት በእጅ አንጓ ላይ ሞከርኩት። እርሾውን በተንኩበትና ቆሜ አየሁት። ምንም... ምንም... ከዚያ ከሥር አንድ አረፋ። ከዚያ ሌላ። የሞተ የሚመስል ደረቅ ነገር እንዲህ ሕይወት ይኖረዋል? ወተት፣ የቀለጠ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ጨው። እንቁላሉ ጠዋት ነው የሚጨመር ይላል ስልኩ። በትልቁ ሳህን አድርጌ ከደንኩት።

አደይ ውኃ ልትጠጣ ገብታ አየችው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ምን ልትል ነበር?

ሐምሌ 20፣ ረቡዕ

ረቡዕ!!!

ልትለኝ የነበረው ይሄንን ነው። ነገ እኮ ረቡዕ ነው! ወተት፣ ቅቤ፣ በጾም ቀን ጠዋት፣ በቄስ የልጅ ልጅ ፊት። በጠዋቱ ሊጡ እንደ ጉድ ተነፍቶ ክዳኑን በጎን አንሥቶታል። ለተባለለት ቀን ቢሆን እኮ እልል ያሰኝ ነበር። ማታ የሚቦካ ነገር ሲሠራ ነገ ምን ቀን እንደሆነ ይታሰባል... ደሴም እኮ ረቡዕ አለ! ምን ሆኜ ነው?

ፍሪጅ ውስጥ ከትቼው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ መብራት ጠፍቷል፣ ሊጡ ከሳህኑ ወጥቶ በመደርደሪያው ይወርዳል። ጎመኑ ላይ፣ ሎሚው ላይ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ መጥረግ ጀመርኩ። እንባዬ መጣ፤ በሊጥ ማልቀስ አሳፈረኝ።

አደይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?"

"የሚያውቁ መስሎኝ..." ጠረገች፣ ጠረገች። ከዚያ፣ "እማዬም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ረቡዕ መሆኑን ረስታ። እማማ ስትሰማ ጉድ አፈላች።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ስለ እናቷ ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። የቄስ ልጅ ረቡዕን ትረሳለች? እንጃ። እንዳላፍር ብላ ፈጥራው ይሆናል። ከሆነ ደግሞ... ከሆነማ ይብልጥ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 21፣ ሐሙስ

የተረፈውን ጋገርነው። ጋገርነው ብዬ ጻፍኩ?

የመጀመሪያው ከላይና ከታች ተጣብቆ ሲከፈት ለሁለት ተቀደደ። "ቶሎ ከፈትሽ..." አለችና ምላሷን ነከሰች። "ቶሎ ተከፈተ። እንፋሎቱ ሲያቆም ነው የሚከፈት። እስከዚያ አይነካም።"

የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ እየፋቅን ዘዴዋ ገባኝ። አንቺም አትለኝም፣ እርስዎም አትለኝም። ሁሉ ነገር በራሱ ይሆናል። ዘይት ይቀባል። ሊጡ በመሐል ይደረጋል። ይከደናል። ይጠበቃል። በአንቺና በእርስዎ መካከል አንዲት ጠባብ መንገድ አግኝታለች። እኔም ተከትያት ገባሁ።

"ማር ይደረግበት?"

"ይደረግ።"

እንፋሎቱ እስኪያቆም ሁለታችንም ማሽኑ ላይ አፍጥጠን ቆምን። ሁለተኛው ሳይቀደድ ወጣ! ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ልስልስ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ማሩ በየጉድጓዱ ገብቶ ቆመ። የማር እንጀራ።

በላች። ደገመችም። "ይመስላል?" አልኳት፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

"ትንሽ ይመስላል። የእማዬ ግን አይደለም።"

"አይደለም" አልኳት። የእሷን እንዲሆን አልፈለግኩም እኮ። ወይስ ፈልጌ ነበር?

ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ሲያባራ ማር ልንገዛ አብረን ወጣን። ስንመለስ በሐይቁ ዳር እንሂድ አለች። ውኃው ቀይ አፈር ጠጥቷል፤ ከዛፎቹ ሥር ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ። ሰላቢ ነፋስ ነበር፤ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ከአጥር ላይ ለቀምኩ።

አንድ ሆቴል ጓሮ ስንደርስ ቆመች። "ያ መስኮት" አለች። ዝቅ ያለ፣ የብረት ፍርግርግ ያለው። "ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ታወጣልኝ ነበር። የኬክ ጠርዝ፣ የተቆረጠውን።"

አየሁት። አሁን አንዲት ወጣት ልጅ ከውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ምን ማለት ነበረብኝ? አጠገቧ ቆምኩ ብቻ። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየን አደይ እጇን አውለበለበችላት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። እሷም መለሰችላት።

በመሲ ቀንቼ ነበር እስካሁን። እውነቱ ይሄ ነው። በሞተ ሰው። ዛሬ መስኮቱን ካየሁ በኋላ ግን የቀናሁት የት እንደሄደ አላውቅም። አሳዘነችኝ። ይችን ልጅ ጥላ መሄድ...

ሐምሌ 25፣ ሰኞ

ዝናብ። ምንም።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ

እማማ ወለተ ኪዳን ቅዳሜ ሊወስዷት ይመጣሉ። የትምህርት ቤት መሸኛ እንዲያወጣላት ቢያዝንን ጠይቀውታል፤ እሱም እሺ ብሏል። በስልክ ነገረኝ፣ እንደ ዜና።

አደይን "ዘጌ መማር ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። "አባዬ ካለ" አለች። አባቷ እሷ ካለች ይላል፣ እሷ አባቷ ካለ ትላለች። ማንስ ነው ታዲያ ያለው?

ሻንጣዋን አውርዳለች። ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ከሥር ስታስገባ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። በጥር የገባሁ ሴት... ምን መብት አለኝ?

ሐምሌ 29፣ ዓርብ

"ነገ ቅበላ ነው" አለች ራሷ መጥታ። "ይቦካ?"

"ይቦካ!"

ውኃውን እሷ አሞቀች። እጄን ሳበችና አንጓዬ ላይ አንጠበጠበች። "ይሞቃል?" "ትንሽ።" ቀዝቃዛ ጨመረች። ከዚያ እኔ በእሷ አንጓ ላይ። አንጓዋ ቀጭን ነው፣ ሥሩ ይታያል። አረፋው እስኪነሣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን።

አትሂጂ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኩት ግን "ጨው ገባ?" ነው።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ

እማማ በጠዋቱ ጀልባ መጡ፣ ዘንቢል ሙሉ ሎሚ ይዘው። ቢያዝን ከወደቡ አመጣቸው። ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ማሽኑን ሲያዩ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

አደይ ጋግራ፣ ማር አፍስሳ አቀረበችላቸው።

"ማን አቦካው?"

"እኛ" አለች አደይ።

እማማ ቆረሱ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ብዙ አላመጡት። "ልጄ ለኔ ስትሠራው ለስለስ ታደርገው ነበር" አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ክፋት አልነበረበትም። የልጃቸው ምድጃ ላይ ሌላ ሴት ቆማ... እኔ ብሆን ቁራሹስ ይወርድልኝ ነበር?

ወደብ ድረስ ሸኘኋቸው። ጀልባው ላይ ከመውጣቷ በፊት አደይ ዞራ ጎንበስ አለች። "ደኅና ይሁኑ" አለችኝ።

ይሁኑ።

ቢያዝን መኪናውን ሊያስጠግን ሄደ። ቤት ገብቼ ማሽኑን እየወለወልኩ አለቀስኩ። እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም፤ እወዳታለሁ።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ

ሽሮ ለአንድ ሰው ሲሠራ አይጣፍጥም። ጸበል የሚጠጡ፣ ለቅዳሴ የሚጣደፉ ጎረቤቶች... የብርጓል "አደይ ቁርባን ላይ ናት፣ ለናንተም ትጸልያለች" አለችኝ። እኔም እየጾምኩ ነው። ሌላ ምን አለኝ።

ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ

"መሸኛውን አወጣሁት" አለ ቢያዝን። ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠው።

"አልፈልግም።"

"ምኑን?"

"እንድትሄድ። አልፈልግም።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። "እኔኮ ላንቺ ብዬ ነው ሰጊ። ያን ቀን ስትጮህብሽ ካየሁ ወዲህ... ሸክም ሆነችብሽ ብዬ። እማማ ሲጠይቁኝ እፎይ ትያለሽ ብዬ ነው እሺ ያልሁ።"

"ማን ሸክም አለህ? ጠየቅከኝ?"

"አልጠየቅሁሽም።"

"የማሽኑን አልነገርከኝም፣ የልጅቷን አልጠየቅከኝም። አፍህ ለእንጀራ ብቻ ነው የተበሳው?"

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ እርጥብ ሆነ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። "እኔስ መች እንድትሄድ ፈለግሁ" አለ። "ለሷ ነግረሻታል? እንደምትፈልጊያት?"

አልነገርኳትም። እሱን ስወቅስ እኔ ምን ተሻልኩ... ሦስታችንም አንዳችን ላንዳችን ብለን ዝም ያልንበት ቤት።

ነሐሴ 8፣ እሑድ

ደወልኩ። እማማ አነሡ። ሰላምታው እንደ ልማዱ ረዘመ፤ ጤናቸው፣ ዝናቡ፣ ጾሙ። "አደይን ያቀርቡልኛል?" አልኳቸው።

"አቤት" አለች።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። በነነ።

"እንድትመለሺ እፈልጋለሁ" አልኳት። "እማማ ጋ መኖር ካማረሽ ኑሪ፣ አልቀየምም፤ መጥቼ እጠይቅሻለሁ። ግን እዚያ ቤት ማንም አይፈልገኝም ብለሽ እንዳትቀሪ። አባትሽ ይፈልግሻል። እኔም እፈልግሻለሁ። ይሄን ሳታውቂ እንዳትወስኚ ብዬ ነው።"

ከወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

"እሺ" አለች።

እሺ። የቱ እሺ? ሰማሁ ነው? እመጣለሁ ነው? በቃ ስልኩን ልዝጋው ነው? አማርኛ ስንት እሺ አለው አምላኬ!

ነሐሴ 13፣ ዓርብ

ቡሄ። ከጠዋት ጀምሮ የሰፈር ልጆች እየጨፈሩ መጡ፤ ሙልሙል እስኪያልቅ ሰጠኋቸው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላሉ። ውጭ ግን ይዘንባል።

ከዘጌ ምንም የለም። ቢያዝን ማምሻውን ገባ፤ መሸኛውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ለምን አትቀደውም?" አልኩት። "ምርጫው የሷ ነው" አለ። ትክክል ነው። በትክክልነቱ ተናደድኩበት።

ነሐሴ 15፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ ስልክ ጮኸ። የእማማ ቁጥር።

"ሄሎ" አለች አደይ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ሮጣ የመጣች ይመስላል። "ነገ ቅዳሴ ስንወጣ በጀልባ እንመጣለን። እማማም አለች። ሊጡ ማታ ይቦካ።"

"ይቦካል" አልኳት። ድምፄን እንዴት አድርጌ እንዳስተካከልኩት እንጃ።

"ለእማማ ወተቱ በዛ ይበል።"

"ይበዛል።"

"ሳልመጣ እንዳትጋግሪ ደግሞ! እኔ ነሁ የምጋግረው።"

እንዳትጋግሪ። ራሷን ታርማለች ብዬ ጠበቅኩ። አላረመችም። ልብም ያለችው አይመስለኝም።

"ሳትመጪ አልነካውም" አልኳት።

ከዚያ የሆነ መንኳኳት፣ መንሾካሾክ። እማማ ስልኩን ተቀበሏት።

"ሰገነት።"

በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። "አቤት እማማ።"

"ከደወልሽ ወዲህ ልጅቷ ልቧ እዚህ የለም። እኔ ጋ እንድትቀር ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም። ብቻዬን ነሁ። ግን ልብ የሌለበትን ገላ ይዤ ምን ላደርገው?" የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ግን አላለቀሱም፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ልጅሽን ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ። እኔንም እንዳትረሱኝ።"

ልጅሽን።

የመሲ እናት ናቸው ይሄን ያሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። "አንረሳዎትም" ያልኩ ይመስለኛል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆሜ ነበር። ቢያዝን ከሳሎን "ማነው?" እያለ ይጠራኛል።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ጠብታ ወተት የለም። በጾም ማን ይገዛል? የብርጓል ጋ የለም፣ ሱቁ ጋ የለም፤ ላም ያላቸው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ጀርባ አሉ አሉኝ። በዚያ ዝናብ ዣንጥላ እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።